ሁርማትና ሃያ ሦስቱ ጥቁር ቢላዎች

እኔና ሁርማት በአንድ በር ስንገባና ስንወጣ ሠላሳ አራት ዓመታችን ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከልቤ ደህና ዋልሽ ያልኳት ሁለቴ ቢሆን ነው፤ አንዱም ሳላስበው አምልጦኝ ነው። ስለ እሷ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ወደ ሌላ ጎረቤት እመራው ነበር። ግን ጎረቤት የሚያውቀው ግማሹን ነው፣ ሌላው ግማሽ እኔ ጋ ነው ያለው። እንግዲህ ልናገርና ይውጣልኝ።

እኔ ኢኖያት እባላለሁ። ባሌ ሆሺም ነው። የሁርማት ባል ማማሶሊ ደግሞ የባሌ ታላቅ ወንድም ነበር። በከተማችን በቹስት ገበያ «ኡስታ ማማሶሊ» ሲባል ቢላዋ የሚይዝ ወንድ ሁሉ ቆቡን አስተካክሎ ነበር የሚሰማው። እኛ ጋ ማንም ብረት ስለቀጠቀጠ ኡስታ አይባልም። ሽማግሌ ፊት ወገቡ ላይ መቀነት ይታሰርለታል፣ ከዚያ በስለቱ አንገት ላይ የራሱን ምልክት መምታት ይፈቀድለታል። የማማሶሊ ምልክት በናስ የተሞላ ግማሽ ፖም ነው፣ መሐሉ ላይ ሁለት ፍሬ ያለው። ባሌ ሃያ ስድስት ዓመት ወናፍ ሲነፋና እጀታ ሲሞርድ ኖሮ መቀነትም የለው፣ ምልክትም የለው። ታላቁ «ገና ነህ» ይለዋል። ፂሙ ሸበተ፣ አሁንም «ገና ነህ»።

ሆሺም ርግብ ያረባል። ምልክት የተሰጠው ቀን የርግብ እግር እንደሚያደርገው ድሮ ወስኗል፤ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ሻይ ሲፈስ በጣቱ ገበታው ላይ ይስላታል። ዱቄት ሲበተን ዱቄቱ ላይ ይስላታል። የሽንት ቤቱ በር ላይ ሳይቀር በሚስማር ጭሯታል። «አንተ ሰውዬ ልጅ ነህ እንዴ?» እያልኩ ስንት ጊዜ ገበታዬን እንደጠረግኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ወደ ሁርማት ልመለስ። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ በር ላይ የተቀበለችኝ እሷ ነበረች። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየችኝና «እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አለችኝ። አሳየኋት። «ሥራ የነካው እጅ አይደለም» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። በሠርጌ ቀን! የዚያን ቀን የገባኝ እልህ እስከ ዛሬ አልወጣም። እሷ ስለት በዘይት ታሻለች፣ የቆዳ አፎት ትሰፋለች፤ ጣቶቿ ከወረንጦ የጠነከሩ ናቸው። ሁለት ወንድ ልጆች ጡት ሳይጥሉ ቀብራለች፤ አንዲት ሴት ልጇ ታሽከንት ተድራ ሄዳለች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፣ እሱ ራሱ ያናድደኛል። ግቢያችን ውስጥ ያለው ቧንቧ አንድ ነው። እኔ ከቀዳሁ በኋላ አፉን አጥባ ነው የምትቀዳው። ሁልጊዜ!

ማማሶሊ የሞተው ከስድስት ዓመት በፊት በሳንባ ሕመም ነው። የመጨረሻውን ክረምት አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እያሳለ ነው የቀጠቀጠው። ሲሞት ሃያ ሦስት እጀታ ያልገባላቸው ስለቶች ትቶ ነበር። ሁርማት አንድ በአንድ በቅባት አሽታ፣ በወረቀት ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ደርድራቸዋለች። ሣጥኑ ብረት ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። በሐዘኑ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ጠፋ።

ሆሺም ነው የወሰደው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፣ በሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ወናፍ የነፋ ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ነው ብዬ አንጀቴ ቅጥል ብሎ ነበር። እሱማ የወንድሙን ሥራ ማየት ስላልደፈረ ወረቀቱን እንኳ አልፈታም። እንደተጠቀለለ ናማንጋን ከተማ ወስዶ ብረት ለሚቀባ ሰው ሰጠው። የግማሽ ፖሙ ምልክት ያለበት ስለት ገበያ ቢወጣ ሕፃን ልጅ ያውቀዋላ! ስለዚህ «አንገቱ ላይ የተወቀረውን ሁሉ በስቱኮ ድፈነው፣ ከዚያ በወፍራሙ ጥቁር ቀባልኝ» አለው። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረው መጡ። የላስቲክ እጀታ አስገባላቸው፣ ካርቶን ውስጥ ከተታቸውና «የውጭ ፋብሪካ ነው» ብሎ ሱቁ ውስጥ ደረደራቸው። ጎረምሳው ተሻማባቸው። ሃያ ሁለቱ ተሸጡ። በጣም ትንሿን እኔ አስቀረሁና ክፉ እንዳይቀርበው ብዬ ከልጅ ልጄ አልጋ ፍራሽ ሥር አደረግኳት። አንዱ ሕፃን አድጎ ሌላው ሲተካም ከዚያ አልተነሳችም።

በአርባኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሳለ ሁርማት መሐል ግቢ ቆማ «ሣጥኑን የወሰደው ሆሺም ነው» አለች። ባሌ «ዳቦ አምጪ» አለኝ። አመጣሁ። እጁን ዳቦው ላይ ጭኖ «ወንድሜ ታሞ ሳለ ራሱ ሸጦታል፣ እኔ ካየሁት ይህ ዳቦ ዓይኔን ያጥፋው» ብሎ ማለ። ከዚያ በኋላማ ማን ይስማት! ኾልመት ቦቦ፣ አያት ብለን የምንጠራቸው የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ «የባልሽ አፈር ሳይደርቅ የወንድሙን ስም ታጠፊያለሽ? ይቅርታ ጠይቂ» አሏት። ጠየቀች፤ ጥርሷን ነክሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ስም አጥፊዋ» ሆነ። ሠርግ የሚጠራት ጠፋ፣ አፎቷንም የሚገዛት ቀነሰ። ስድስት ዓመት ሙሉ አፏን ዘግታ ቧንቧውን እያጠበች ኖረች። ደስ አለኝ ወይ? አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘንድሮ መኸር ላይ ሙአታር የምትባል ሁለት ቤት አልፋ ያለች ጎረቤታችን ልጇን ልትድር ተነሳች። እኛ ጋ የሠርግ ሩዝ ከመሠራቱ በፊት ባለው ከሰዓት የሰፈሩ ወንዶች የየራሳቸውን ቢላዋ ይዘው ይመጡና ካሮት ይከትፋሉ። ከዚያ በፊት በነበረ የግርዛት ድግስ ላይ ታዲያ ሩዙ ውስጥ ጥቁር ቅርፊት ተገኝቶ ነበር። ኾልመት ቦቦ ከጥርሳቸው መሐል አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡትና «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ቅመም ነው?» አሉ። የሙአታር ባል ቢላዋ ቀለሙን እያራገፈ ነበር። ሴትየዋ በልጇ ሠርግ ላይ እንዳይደገም ፈራች። ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ቢላዋውን በጨርቅ ይዛ ግቢያችን ገባች። የመጣችው ለእኔ መስሎኝ ተነሳሁ። አልፋኝ ወደ ሁርማት ሄደች።

«ሁርማት ኦፓ፣ ብዙ ጊዜ እንዳልመጣሁ አውቃለሁ፣ አይቀየሙኝ። ይህን ጥቁር ነገር ከላዩ ላይ ቢያነሱልኝ። ብረት የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

«ባለ ሱቁ እዚሁ ግቢ አለ፤ እሱን አትጠይቂውም?» አለች ሁርማት፣ በአገጯ ወደ ቤቴ እየጠቆመች።

«ጠይቄው ነበር። ሌላ አዲስ ግዙ አለን።»

ሁርማት ቢላዋውን አገላበጠችው። እኔ ልብስ የማሰጣ መስዬ ገመዱ ሥር ቆሜያለሁ። ያ ቀለም ከአንገቱ ላይ ከተነሳ አለቀልን፤ ዳቦ ነክቶ በሐሰት የማለ ሰው እኛ ሰፈር ሰላምታ አያገኝም፣ ልጆቹም አይዳሩም። እሷ ግን ገና ምንም አታውቅም፣ የያዘችው የፋብሪካ ቢላዋ መስሏታል።

«ኦፓ» አልኳት፣ ስጠላትም ታላቅ እህት ብሎ መጥራት ግዴታዬ ስለሆነ፣ «ምን ያደክምሻል? ጋዙ ላይ ጣል አድርጊው፣ ባንድ ደቂቃ ተቃጥሎ ያልቅልሻል።»

«ብረቱም አብሮ ይለሰልሳላ። ከዚያ ቅቤ ልትቆርጪበት ነው? ይህን ሁሉ ዘመን ብረት ቤት አጠገብ ኖረሽ ይህቺ ሳትገባሽ ቀረች?»

«በሞረድ አስነሺው እሺ።»

«እጀታ ሞራጁ ያንቺ ባል ነው። እኔ ሞረድ አልይዝም።»

ደሜ ፈላ። ደግሞ አንዲት ቃል ብጨምር ነገሩ እንዳይገባት ፈራሁና ዋጥኩት።

መጀመሪያ በኮምጣጤ ዘፈዘፈችው። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። እኔ በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። እሷ ግን የምትለቅ ሰው አይደለችም። በማግስቱ ጠዋት ከገበያ የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ገዝታ መጣች፤ «በስልሳ አራት ዓመትሽ ጥፍር ልትቀቢ ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባት። ጨርቅ በፈሳሹ አርሳ ስለቱን ጠቀለለችው፣ በላዩ ፌስታል አሠረችበትና ጥላ ውስጥ አኖረችው። እኩለ ቀን ላይ ስትፈታው ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቧል። ስለቱን እንዳይጭረው ብላ በእንጨት ማንኪያ ጫፍ ትገፍፈው ጀመር። እየተላጠ ሲወርድ እኔ ነኝ የተላጥኩት። አንገቱ ጋ ስትደርስ አልነሳ አላት፣ ስቱኮው አለዋ። የልብስ ሶዳ ሳህን ውስጥ በትኩስ ውሃ በጥብጣ አንገቱን እዚያ ውስጥ ነከረችውና ለሶላት ገባች።

ሳህኑን በእግሬ መታሁት። አውቄ ነው፣ ምን አባቴ ልዋሽ። ውሃው ፈሰሰ፣ ቢላዋው ጭቃ ውስጥ ወደቀ። አንስቼ ከጓሮ ልጥለው ጎንበስ ስል ከኋላዬ ድምጿ መጣ።

«ምን ሆነሽ ነው፣ ኢኖያት?»

«አደናቀፈኝ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ያላደናቀፈሽ ግቢ ዛሬ አደናቀፈሽ?» አለችና አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ቢላዋውን ከጭቃው አነሳች። በቧንቧው አጠበችው፣ ቁጭ አለችና የእንጨት ስንጥር አሹላ አንገቱን ትፈለቅቅ ጀመር። እኔ መሄድም መቆምም አቃተኝ። ነጭ የስቱኮ ፍርፋሪ ጭኗ ላይ ወደቀ። አንድ ጨርቅ ኮምጣጤ አስነክታ አሸችው። ብረቱ ግራጫ ሆነና ናሱ በመሐሉ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ግማሽ ፖም፣ ሁለት ፍሬ።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ፀጉሬን ትይዛለች ብዬ ጠበቅኩ። ምንም የለም። አውራ ጣቷን ምልክቱ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ዘይት ቀባችው፣ በራስ ሻሿ ጠቀለለችውና «አመሰግናለሁ፣ ባታደናቅፊ ኖሮ እንዲህ ተጠንቅቄ አልፈለቅቀውም ነበር» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ካሮት በሚከተፍበት ከሰዓት ሳትጠራ ሄደች። ወንዶቹ ረጅሙ ጣውላ ዙሪያ ተቀምጠው እየተቀላለዱ ነው፤ ባሌም መሐላቸው አለ። ሴቶቹ ማዶ ሽንኩርት እንልጣለን። ሁርማት ቀጥ ብላ ሄዳ ቢላዋውን ኾልመት ቦቦ ፊት ጣውላው ላይ አኖረችው። ቢላዋ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ ጠብ ያመጣል። ጠቡን ግን እንደዚያም ሆኖ ይዛው መጥታለች።

«ቦቦ፣ ይቅርታ ያስጠየቁኝ እርስዎ ነበሩ» አለች። «መነጽርዎን ያድርጉና ይመልከቱ። የሙአታር ባል ከሆሺም ሱቅ የገዛው የፋብሪካ ቢላዋ ነው።»

ሽማግሌው አዩት። ወደ ብርሃን አዞሩት። ለጎናቸው ሰው አሳዩት። ከዚያ ጥቁር ቢላዋ የያዘ ሁሉ የራሱን አንገት በጥፍሩ መፈግፈግ ጀመረ። ባሌ የጀመረውን ካሮት ግማሹን ትቶ ተነሳ። ማንም ቁጭ በል አላለውም።

በነጋታው በራችን ላይ ሰው ተሰለፈ። ሁሉም ጥቁር ቢላዋውን ይዞ ነው የመጣው። ሁርማት ከማንም ምንም ሳትቀበል በእኔ መስኮት ፊት ለፊት ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አራቆተቻቸው። አምስት ሳምንት ሙሉ! ኾልመት ቦቦ መጥተው ቆባቸውን አውልቀው «በደልኩሽ፣ ልጄ» አሏት። «ቆብዎን ያድርጉ፣ ብርድ ነው» አለቻቸው፤ ይቅር ብያለሁ አላለችም። እኛን ሰው ሸሸን። የታናሽ ልጄን ሽማግሌዎች የተቀበለው ቤት ስጦታውን መለሰ። ሆሺም ሱቁን ዘግቶ ርግቦቹ ጋ ጣሪያ ላይ ዋለ።

ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ ሁርማት ደጄ መጣች። ደጄን ከረገጠች ስድስት ዓመቷ ነው።

«ሃያ ሁለት ሆነ» አለችኝ።

«እና እኔ ምን ላድርግልሽ?»

«ከሕፃኑ ሥር ያለችውን አምጪ። አርብ አርብ ፍራሹን ስታሰጪ መስኮቱ ላይ ነው የምታስቀምጫት። ዕውር መሰልኩሽ?»

«ባሌን አዋረድሽ፣ የልጄን ጋብቻ አስቀረሽብኝ፣ አሁን ደግሞ ከሕፃን ሥር ልትነጥቂ መጣሽ? አትጠግቢም?»

«አልጠግብም። አምጪ።»

«ቀለሙን ራሴ አነሳዋለሁ! ያንን ደስታ ላንቺ አልሰጥም!» ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

ሥራውን ከመስኮት ስመለከት ስለከረምኩ አውቄዋለሁ። ጨርቁን አረስኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ቆየሁ፣ በማንኪያ ገፈፍኩ። የአንገቱን ስቱኮ በሶዳ አላልቼ ስፈለቅቅ ግማሽ ፖሙ ወጣ። ይህን ጠብቄዋለሁ። ግን ስቱኮው አላለቀም፣ ከፖሙ ጎን ቀጠለ። ፈለቀቅኩት። አንድ ቀጭን ናስ፣ ሌላ፣ ሌላ። ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ገበታዬ ላይ ዕድሜ ልኬን የጠረግኳት የርግብ እግር።

ቢላዋውን ይዤ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ሁርማት ቧንቧው ጋ ቆማ ነበር፣ እስከዚያ ሰዓት አልሄደችም።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አንብቢው። ፊደል መቁጠር አይጠይቅም።»

«ኦፓ፣ በአላህ!»

«የመጨረሻ ሥራው ነው» አለች። «ሁለት ምልክት አንድ ስለት ላይ ጎን ለጎን የሚመታው ኡስታው ለተማሪው ምልክት ሲሰጥ ነው፤ የብረት ቤት ሚስት ሆነሽ ይህንንም አታውቂም። ሃያ ሁለቱን ሆሺም እጀታ አስገብቶ ሸጦ ሊያኖረን፣ ይህቺ ደግሞ ለራሱ ለሆሺም። መቀነቱን እኔ ሰፍቼዋለሁ። አርባው እንደወጣ ሽማግሌ ፊት ላስርለት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«ሐዘን ቤት ውስጥ ደስታ ይነገራል? ሁለት ቀን ነበር የቀረው፣ ኢኖያት። ሁለት ቀን መታገስ አቃታችሁ።»

«ከዚያስ ወዲህ? ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«ዳቦ ነክቶ ከማለ በኋላ ለየትኛው ሆሺም ልንገረው?»

ወደ ቤቷ ገብታ መቀነቱን አመጣች። ቀይ ሐር ነው፣ ጠርዙን ብል በልቶታል። ቧንቧው ላይ አንጠለጠለችው። «እኔ አላስርለትም» አለች። «አንቺም አታስሪለትም። ግን ይየው። ሂጂ፣ ቢላዋዋን አንቺው ውሰጂለት፤ በሩን የያዝሽለትም አንቺ ነሽ።» ይህንንም ታውቅ ኖሯል።

ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሆሺም ለርግቦቹ ማሽላ እየበተነ ነበር። ቢላዋውን ጎኑ አኖርኩ። ሲያየው መጀመሪያ ቅንድቡን ቋጠረ፣ ከዚያ አነሳው። ርግቦቹ እጁ ላይ ያለውን ማሽላ ለቅመው ጨረሱ።

«ይህቺ የኋላ ጣት ትንሽ ጠማማ ናት» አለኝ በመጨረሻ፣ በአውራ ጣቱ እያሻሻት። «እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው የመታት። ማማሶሊ እኮ ጠማማ መትቶ አያውቅም።»

መቀነቱን አላሳየሁትም፤ ለመውረድ ሲነሳ ቧንቧው ላይ ተንጠልጥሎ ራሱ ከላይ አየው፣ ተመልሶም ተቀመጠ።

እኔና ሁርማት አሁንም አንነጋገርም፣ ቧንቧውንም ከእኔ በኋላ ታጥበዋለች። ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ብቻ ወደድኳት ማለት አልችልም፤ አልወዳትም። ገበታዬ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ንጹሕ ነው። ሻይ ሲፈስ ሆሺም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያየዋል፤ እስኪደርቅ ድረስ እጠብቀዋለሁ፣ ጣቱን አያስነካውም።